ዱከም የተቀበሩት አጎት

ጋዲሴ አጎቷን የገደለቻቸው አንድ ሰኞ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ የቡናው መጋዘን በር ላይ ቆማ ነው። ሰውየው ምንም አልበደሏትም። በዚህ ዓለም ላይ ኖረውም አያውቁም።

ነገሩን ከሥሩ ለማውራት ግን ከአልጋው መጀመር ይሻላል። ባሏ የቆርቆሮ ፋብሪካ ዘበኛ ነበር። ሲሞት ሁለት ነገር ተወላት፤ አንድ የሽቦ አልጋና አንድ ቫይረስ። አልጋው በሁለተኛው ዓመት ወገቡ ተሰብሮ ለልዋጭ ሄደ፤ ሁለት የፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን ወሰደችበት። ቫይረሱ ግን ይኸው አሥራ አንድ ዓመቱ፣ ንቅንቅ አላለም። ጋዲሴ «ከባሌ ዕቃ ሁሉ የጠነከረው እሱ ነው» ትላለች። የምትለውም ለራሷ ነው፤ የምትነግረው ሰው የላትም።

የተወለደችው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ፣ አገሩ ሁሉ ጤፍና ሽምብራ በነበረ ጊዜ። ዛሬም በሚኒባስ ስታልፍ የአባቷ የከብት በረት የት እንደነበረ ታውቀዋለች፤ አራተኛው ፎቅ ላይ ሁልጊዜ ቀይ ብርድ ልብስ የሚሰጣበት ሕንፃ ነው። የካሣውን ገንዘብ ወንድሞቿ ተካፈሉት። እሷን «አንቺ ባል አለሽ» አሏት። ባልየው ሲሞት ደግሞ ገንዘቡ ቀድሞት ሞቶ ነበር።

አሁን የምትኖረው አቃቂ በሰቃ፣ እትዬ ዕፀገነት ግቢ ውስጥ ነው። ስድስት ክፍል፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። እትዬ ዕፀገነት የግቢው ባለቤት ናቸው፤ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከበረንዳቸው አይርቁም፤ መራቅም አያስፈልጋቸውም። እዚያው ዱካቸው ላይ ቁጭ ብለው ማን ስንት ጊዜ ሽንት ቤት እንደገባ፣ ማን ሽንኩርት ያለ ዘይት እንዳቁላላ፣ የማን ልብስ ገመድ ላይ ሁለት ቀን እንደከረመ ያውቃሉ። ያወቁትን ደግሞ ለብቻቸው አይበሉትም። ለጎረቤት ያካፍላሉ።

እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ መድኃኒት መዋጥ ቀላል ሥራ አይደለም። የጋዲሴ መድኃኒት በቀን አንድ ፍሬ ነው፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ። ፍሬው ክፋት የለበትም፤ ችግሩ ብልቃጡ ነው። ሠላሳ ፍሬ በፕላስቲክ ውስጥ ሲንቀሳቀስ እንደ ጸናጽል ይንሿሿል፤ ማኅሌት የቆመ ይመስላል። ክፍሏን ከጎረቤት የሚለየው ቺፕውድ ደግሞ እንኳን ጸናጽል ትንፋሽ ያሳልፋል። ስለዚህ መድኃኒት በተቀበለች ቁጥር የብልቃጡን ወረቀት በውሃ አርሳ ትልጠዋለች፤ ፍሬዎቹ እንዳይንቀሳቀሱ ጥጥ ትጠቀጥቅበታለች፤ ከዚያ የበሶ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከበሶው ሥር ትቀብረዋለች። ስልኳም ሁለት ሰዓት ሲሆን አይጮኽም። ኪሷ ውስጥ እንደ ጢንዚዛ ይንዘረዘርላታል።

ደግሞ ሆድ አለ። መድኃኒት ቤት ያለው ባለሙያ «ሳይበሉም ይወሰዳል» ብሏታል። እሱ ግን ሳይበላ ያደረ ሰው አይመስልም። ቡና ያልመጣ ሳምንት ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ማታ ላይ ያለው ያው በሶው ነው፤ እሱም ያልቃል። ባዶ ሆድ ላይ ሲወርድ አንጀቷን ያላውሳታል፤ ጠዋት ራሷን ያዞራታል፤ ራሷን ያዞራት ሰው ደግሞ የተነቀዘ ቡና ከደህናው አይለይም። እንዲህ ባለው ቀን «ዛሬ ይቅር፣ ነገ በልቼ እውጠዋለሁ» ትላለች። ነገም አንዳንዴ እንደ ዛሬ ይሆናል።

ጤና ጣቢያ ከቤቷ አምስት ደቂቃ ርቀት ላይ አለ። እዚያ አትሄድም፤ ካርድ ክፍል የምትሠራው የእትዬ ዕፀገነት የክርስትና ልጅ ናት። ካርዷን እዚያ ከምታወጣ በድምፅ ማጉያ ብታስነግር ይቀላታል። ስለዚህ ከአቃቂ ሳሪስ አቦ፣ ከሳሪስ ስታዲየም፣ ከስታዲየም ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ሦስት ሚኒባስ ይዛ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጣ፣ እንጦጦ ሥር ካለ ክሊኒክ ትታከማለች። ሄዶ መመለሱ ቀኑን ይበላዋል። ቀኑን ከበላው ደግሞ የቀን ሥራውን በላው ማለት ነው።

ሥራዋ ቡና ለቀማ ነው። ቃሊቲ ያለ አንድ መጋዘን ውስጥ መቶ የሚሆኑ ሴቶች በረድፍ ተቀምጠው ጥቁሩን፣ የተነቀዘውን፣ የተሰበረውንና ጠጠሩን ከደህናው ይለያሉ። ካቦው ሀይረዲን ይባላል፤ የስልጤ ሰው ነው፤ ክፉ አይደለም፤ ግን በሩ ላይ በየቀኑ የሚሰለፉ ሌሎች ሃያ ሴቶች አሉ። ሕጉም አጭር ነው። ታምሜ ነው ብሎ በአንድ ወቅት ሁለቴ የቀረ ሰው ቦታውን ያጣል። ሀይረዲን ይህን ሲናገር ድምፁን እንኳ ከፍ አያደርግም። የታመመ ሰው ማረፍ አለበት፤ እሱም ሰውን ያሳርፋል።

በዚህ ምክንያት ጋዲሴ ቀጠሮዋን አንዴ አሳለፈች። አሥራ ሦስት ቀን ያለ መድኃኒት ቆየች። በጥቅምት «ታምሜ ነው» ብላ ሄዳ ደሟ ሲታይ፣ ቫይረሱ ሃያ ሦስት ሺህ ሆኖ ተገኘ።

ሲስተር ሃሌሉያ፣ ክሊኒኩ ውስጥ ምክር የምትሰጠው ነርስ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣና ብርቱካን የያዘች ወፍራም ሴት ሥዕል አለ። ጋዲሴ ሥዕሉን ባየች ቁጥር ይህች ሴት የት ሰፈር ትኖር ይሆን ትላለች። ሲስተር ቅጽ አወጣች። መድኃኒቱን ለምን እንዳልወሰደች መጻፍ ነበረባት። ቅጹ ላይ ረስቼ ነው የሚል ሳጥን አለ፤ መንገድ ሄጄ ነው፣ የጎንዮሽ ችግር አስቸግሮኝ ነው የሚሉም አሉ። ካቦ የሚል ሳጥን ግን የለም። የቤት አከራይ የሚልም የለም። ጋዲሴ ብዙ አስባ «ረስቼ ነው» አለች። ሲስተር ደስ ብሏት ምልክት አደረገችና ስለ ማስታወስ ግማሽ ሰዓት መከረቻት።

ከዚያ ውሳኔው ተነገራት። በሽታቸው የተረጋጋ ሰዎች የስድስት ወር መድኃኒት ይዘው ቤታቸው ይቀመጣሉ። እሷ ግን የአንድ ወር ብቻ እየተሰጣት፣ በየጊዜው እየመጣች ምክር ትሰማለች፤ መጨረሻ ላይ ደሟ እንደገና ይታያል። ያኔም ካልወረደ መድኃኒቱ ወደ ሌላ፣ ወደ ከበደው ይቀየራል፤ ለዚያም በየወሩ መመላለስ ነው። ጋዲሴ ቄሱ «ላለው ይጨመርለታል፣ ከሌለው ግን ያው ያለው እንኳ ይወሰድበታል» ብለው ሲሰብኩ ነገሩ ገብቷት አያውቅም ነበር። ያን ቀን ገባት። መምጣት ያቃተው ሰው ቅጣቱ ቶሎ ቶሎ መምጣት ነው።

ታምሜ ነው ማለት ከእንግዲህ አይቻልም፤ በጥቅምት ብላዋለች። የቀረላት አንድ ነገር ነው። ሀይረዲን ለበሽታ የማይሰጠውን ቀን ለለቅሶ ይሰጣል፤ ያውም ሳይጠይቅ፣ ቆሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። በሽታ የሰው ጥፋት ሊሆን ይችላል፤ ሞት ግን ከላይ የመጣ ነው፤ ካቦም ቢሆን አይከራከረውም።

በኅዳር አክስቷን አሞተች። ይህ ብዙም ውሸት አልነበረም። አክስቷ በእርግጥ ሞተዋል፣ ሰላሌ፣ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት። ቀኑን ብቻ ነው ያሳሳተችው። ሀይረዲን «አላህ ያጥናሽ» አለና ለቀቃት። ግን በማግስቱ ጠዋት ሥራ ስትገባ አጠገቧ የምትቀመጠው ቢፍቱ ዓይኗን አፈጠጠችባት። ሰላሌ ሄደሽ፣ ቀብረሽ፣ አልቅሰሽ በአንድ ቀን ተመለስሽ? በአውሮፕላን ነው እንዴ? ሴቶቹ ሳቁ። ጋዲሴ አብራ ሳቀች።

ስለዚህ በታኅሣሥ የተሻለ አሰብኩ ብላ አጎቷን ዱከም ቀበረቻቸው። ዱከም ቅርብ ነው፤ ሰው ቀብሮ በቀኑ ይመለሳል። ስማቸውን ጋሽ ቃልቤሳ አለቻቸው። ሀይረዲን እንዲያምናትም «አባቴ ሲሞት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው» ብላ ጨመረች። ስሕተቷ ይኸው ነው። ሰው አቅርባ ቀበረች፤ ቀብራም አሳዳጊ አደረገች። እንዲህ ያለ ሟች ዝም አይባልም።

ከክሊኒክ ተመልሳ፣ ብልቃጧን ብብቷ ሥር አጣብቃ፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ የግቢው በር ተንኳኳ። ቢፍቱና ሰባት ለቃሚዎች ነጠላ አዘቅዝቀው፣ አንድ ካርቶን ውሃና አንድ ፌስታል ዳቦ ይዘው ቆመዋል።

በሩን የከፈቱት እትዬ ዕፀገነት ናቸው። ለቅሶ ሊደርሱ እንደመጡ ሲሰሙ የሞተው ሰው አይደለም ያሳዘናቸው። በገዛ ግቢያቸው የደረሰን ሐዘን ከውጭ ሰው መስማታቸው ነው። ጉልበታቸውን ረስተው ተነሡ። ፍራሽ ከራሳቸው ቤት አስወጥተው የጋዲሴ ክፍል መሬት ላይ አነጠፉ፤ ከእድር አግዳሚ አስመጡ፤ ንፍሮ ጣዱ። ድንኳንም ይተከል ብለው ነበር፤ ጋዲሴ እግራቸው ላይ ወድቃ ነው ያስተወቻቸው። ሰው ሁሉ ሐዘኗ ጸንቶባት መስሎት አብሯት አለቀሰ።

ማልቀሱ አላስቸገራትም። አሥራ አንድ ዓመት የተጠራቀመ ነበር፤ ጋሽ ቃልቤሳ በሩን ብቻ ነው የከፈቱለት። ስለ ደግነታቸው ሲጠይቋት ደግሞ ምላሷ ተፈታ። ሽምብራ እሸት ይዘውላት ይመጡ እንደነበር፣ አንዲት ግራ ቀንዷ የተሰበረ ላም እንደነበረቻቸው፣ የካሣው ገንዘብ ሲመጣ «ጋዲሴም ልጅ ናት፣ ትካፈል» ብለው ብቻቸውን እንደተከራከሩ ተናገረች። መጨረሻዋን ስትል ራሷም አመነቻቸው።

ሁለት ሰዓት ሆነ። ስልኩ ኪሷ ውስጥ ተንዘረዘረ። ክፍሉ ውስጥ አሥራ አራት ሰው አለ፤ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም፤ እስከ ሠልስት አብረዋት የሚያድሩ ሁለት ሴቶችም ተመድበዋል። ይህን ቀን ካሳለፈች ነገንም ታሳልፋለች፤ ከነገ ወዲያንም። ሃያ ሦስት ሺው ሠላሳ ይሆናል። ጋዲሴ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ላብ አጠመቃት።

«ምን ሆነሽ ነው? ራስሽን ነው?» አሉ እትዬ ዕፀገነት።

«አዎ፣ ራሴን» አለች።

«እንዲህ አልቅሶ ራስ አያምም ወይ! መድኃኒት የላትም? ውሃ ስጧት።»

ጋዲሴ ቀስ ብላ እጇን ብብቷ ሥር አስገባች። አንዲት ፍሬ አወጣች። አሥራ አራት ሰው እያያት፣ እትዬ ዕፀገነት በገዛ እጃቸው ባቀበሏት ውሃ ዋጠቻት። ማንም ምንም አላለም። ቢፍቱ ብቻ ለእሷም አንድ እንዳላት ጠየቀች፤ አልቋል ተባለች።

ከሠልስቱ በኋላ ሰዉ ተበተነ፤ እትዬ ዕፀገነት ግን አልተበተኑም። ሐዘንተኛ ብቻውን አይበላም ብለው፣ ማታ ማታ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል በሯን በከዘራቸው ይመታሉ። አንድ ሳህን ያቀብላሉ፤ አንዳንዴ ሽሮ፣ አንዳንዴ ድንች፣ እሑድ ከሆነ ቅባት ያለው ነገር። ቀጥለው «ለራስሽ መድኃኒት ዋጥሽ?» ይላሉ። ጋዲሴ ውጣ እስክትጨርስ በሩ ላይ ይቆማሉ። አሥራ አንድ ዓመት የሸሸችው ዓይን ይኸው ቆሞ ይጠብቃታል። መሸሽ ስለማይቻል ትውጣለች። ባዶ ሆድ ስለሌለም አያላውሳትም።

የሚቀጥለው ቀጠሮ፣ ደም የሚሰጥበት፣ ከአራት ሳምንት በኋላ ረቡዕ ነበር። ጋዲሴ ለዚያ ረቡዕ ማንን እንደምትገድል ስታስብ ሌላ ነገር መጣባት። ቢፍቱ አንድ እሑድ ግቢ ድረስ መጣችና የጋሽ ቃልቤሳ ተዝካር መቼ እንደሆነ ጠየቀች። አርባቸው ቀርቧል። ሴቶቹ ሽንኩርት ሊከትፉ፣ ጠላ ሊጠምቁ ተዘጋጅተዋል። ለእንዲህ ያሉ አሳዳጊ ተዝካር አለማውጣት ነውር ነው። ጋዲሴ የሁለት ወር ኪራይዋን ብታፈስበት እንኳ ግማሹን አይሸፍንም።

እትዬ ዕፀገነት ዱካቸው ላይ ሆነው ምስር እየለቀሙ ነበር። ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«ሰውየው እኮ ጴንጤ ነበሩ፤ ምን ተዝካር አላቸው።»

ጋዲሴ ወደ እሳቸው ዞረች። ቢፍቱ ራሷ ጴንጤ ነበረች፤ ፊቷ በራ።

«የኛ ሰው ነበሩ እንዴ? የት ነበር የሚያመልኩት?»

«ዱከም ያለችው፣ ቆርቆሮዋ ሰማያዊ የሆነችው» አሉ እትዬ፣ አንድ ጠጠር ከምስሩ አውጥተው እየጣሉ። «ሐውልት ግን ረቡዕ ያቆሙላቸዋል። እሷ እዚያ መገኘት አለባት። ለካቦሽ ንገሪው፤ ይህች እንደሆነ አፍራ አትናገርም።»

ቢፍቱ ለሀይረዲን ልትነግርላት ቃል ገብታ ሄደች። ጋዲሴ የምትይዘው አጥታ የምስሩን ሰፌድ ያዘች።

«ረቡዕ መሆኑን በምን አወቁ?»

«ከመሄድሽ በፊት ባለው እሑድ ነጠላሽን ታጥቢያለሽ። ሌላ ጊዜ በወር አንዴም አታጥቢው። ዛሬም ታጥቦ ገመዱ ላይ ነው። ረቡዕን ደግሞ ቀን ስትቆጥሪ ጣትሽ ላይ አየሁት» አሉ። «ጥጡስ? እኔ መጀመሪያ ጆሮሽን የሚያምሽ መስሎኝ ነበር። በወር በወሩ ጥጥ። ሰው ስንት ጆሮ አለው?»

ጋዲሴ ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠች። እንባዋ መጣ።

«እንዳትነግሪኝ» አሉ እትዬ ፈጠን ብለው፣ እጃቸውን እንደ ዝንብ እያራገቡ። «ከነገርሽኝ ለሰው እናገራለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። አልነገርሽኝም፣ አላወቅሁም። ውሸትሽ ግን አበሳጭቶኛል። ሰው ስትገድዪ ሩቅ አገር ቅበሪ። ደግሞ የምትወጂው አይሁን። ዱከም ማለት ምን ማለት ነው? ሰው ዕቁቡን ጥሎ የሚመለስበት አገር።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«ቆይ፣ ቀጠሮሽን እዚሁ ጤና ጣቢያ ብታደርጊው ምን አለበት?»

«የእርስዎ የክርስትና ልጅ እዚያ ካርድ ክፍል ናት።»

እትዬ ዕፀገነት አማተቡ። «በስመ አብ። እሷ ጋ እንዳትሄጂ። አፏ እንደ እኔ ነው።»

ረቡዕ ዕለት ጋዲሴ ደሟን ሰጠች። ውጤቱ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ጠበቀች፤ እነዚያን ቀናት የተነቀዘውን ከደህናው ሳትለይ ሁለቴ በሀይረዲን ተገሠጸች። ሲስተር ሃሌሉያ በስልክ ደውላ ነገረቻት፤ ቫይረሱ በመሣሪያው መታየት እስኪሳነው ወርዷል፤ መጥታ የስድስት ወሩን መድኃኒት ትውሰድ። «አየሽ እናቴ? ምክር ይሠራል» አለቻት። ጋዲሴ የሽሮውን፣ የድንቹንና የከዘራውን ነገር አስባ «አዎ ሲስተር፣ ሠራ» አለች። ሲስተርም ቅጹ ላይ እንዲሁ ሳትጽፍ አልቀረችም።

መድኃኒቱን የወሰደችበት ቀን መጋዘኑ መብራት ጠፍቶ ሥራ የተዘጋበት ነበር፤ ያን ቀን ማንም መሞት አላስፈለገውም። ስድስት ብልቃጥ በፌስታል ይዛ ሦስት ሚኒባስ ተሳፈረች። ጥጥ አልያዘችም ነበር፤ በየጉድጓዱ ስትንሿሿ፣ ሰዉ ዞር ዞር እያለ ሲያያት አቃቂ ደረሰች። እትዬ ዕፀገነት ከዱካቸው ላይ ፌስታሉን በጆሮአቸው መዘኑት።

«ብዙ ነው» አሉ።

«የስድስት ወር ነው» አለች ጋዲሴ። ከዚያ አፏን ያዘች።

«ምኑ?» አሉ እትዬ፣ እያዩአት። «እኔ የሰማሁት ነገር የለም። ሽሮው እንዳይቀዘቅዝ ግቢ።»

በሚያዝያ ኪራይ ጨመሩባት፤ አላፈሩም። ሳህኑን ግን አላቋረጡም፤ ሐዘኑ ካለፈ ቆይቷል ብሎ ያስታወሳቸውም የለም። ሀይረዲን ወሩ ሲያልቅ፣ ሰዉን ሁሉ ሲመዘግብ ቆም ብሎ አንገቱን አዘነበለ። በዚህ ወርስ ደህና ናችሁ ወይ ብሎ ጠየቃት። ዘመዶቼ ሁሉ ደህና ናቸው አለችው። ቢፍቱ ተመስገን አለች።

ጋዲሴ ጣቷን ቡናው ውስጥ እያንቀሳቀሰች ቆጠረች። ነሐሴ ላይ፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ፣ አንድ ሰው መሞቱ አይቀርም። ከወዲሁ እያሰበችበት ነው። ወለጋ የሚኖር ይሆናል፤ ልጅ የሌለው፣ ክረምት መንገዱ የሚቋረጥበት አገር ያለ፣ እሷም ብዙ የማትወደው።